ቁራጩን ላያችሁ ሁሉ፦ ግልጽ ደብዳቤ

ውድ ተመልካቾች፣

ይህ ደብዳቤ ለብዙ ሰው ነው። ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው ላያችሁት፣ መሃል ላይ ለተዋችሁት፣ ቆርጣችሁ ለለቀቃችሁት፣ ተናዳችሁ ሪፖርት ላደረጋችሁት፣ በሳቅ ፈርሳችሁ ለጓደኛ ለላካችሁት። ከሁሉም በላይ ግን "አበጃችሁ፣ ልክ ልካቸውን ነገራችሁልን" ብላችሁ ለጻፋችሁልን ነው። ለምን እናንተን እንዳስቀደምኩ እደርስበታለሁ።

እኔ አጫጭር ኮሜዲ እጽፋለሁ። ከጥቂት ጓደኞቼ ጋር ነው የምንሠራው፤ አንዱ ይቀርጻል፣ አንዷ ትተውናለች፣ ሌላው ኤዲት ያደርጋል። ሥራችን በአብዛኛው ስለዚሁ እጃችሁ ላይ ስላለው ስልክ ነው። ስለ ላይክ፣ ስለ ኮሜንት፣ ስለ ላይቭ፣ ካሜራ ሲበራ ሰው ላይ ስለሚመጣው ለውጥ። ራሳችንን ለማስተዋወቅ እንዳይመስላችሁ የገጻችንን ስም አልጠቅስም። የምጽፈው አንድ ነገር ሆዴን ሲበላኝ ስለሰነበተ ነው።

ከሥሩ ላውጋችሁ።

በቅርቡ የለቀቅነው ሥራ 4 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ነው። አንዲት ወጣት የአክስቷን ሞት በስልክ ትሰማለች። ዝም ብላ ትቀመጣለች። ከዚያ እጇ ሳታዝዘው ወደ ካሜራው ይሄዳል፤ ትከፍተዋለች፤ እያለቀሰች ራሷን ትቀርጻለች። መልሳ ስታየው ፊቷ ጨልሟል። ወደ መስኮቱ ተጠግታ እንደገና ትጀምራለች። አሁን ብርሃኑ ጥሩ ነው፣ እንባው ግን አልወርድ ይላል። ሦስተኛ ትሞክራለች። አራተኛ። 3ኛው ደቂቃ ላይ ስልኩ ከእጇ ያመልጥና ወለሉ ላይ በጀርባው ይወድቃል፤ ካሜራው ወደ ኮርኒሱ እያየ መቅረጹን ይቀጥላል። እሷ ልታነሳው ጎንበስ ስትል ነው የምር ልቅሶው የሚመጣባት። እኛ አናያትም። ድምፅዋን ብቻ እንሰማለን፤ ከነጩ ኮርኒስ ሌላ የሚታይ ነገር የለም። ከ40 ሰከንድ በኋላ ስልኩን ታነሳለች፣ የተቀረጸውን ታያለች፣ "ይሄ አይሆንም" ትላለች፣ ታጠፋዋለች። አለቀ።

ለእኔ ሥራው በሙሉ ያለው እዚያ ኮርኒስ ላይ ነው። የምር ያለቀሰችው አንዴ ነው፤ ያጠፋችውም እሱኑ ነው።

በለቀቅነው በ2ኛው ቀን አንድ ሰው የመጀመሪያውን ልቅሶ ብቻ፣ 18 ሰከንድ የሚሆነውን፣ ቆርጦ የገጻችንን ስም ሳይጠቅስ ሌላ ቦታ ለጠፈው። መስኮት የለ፣ ሁለተኛ ሙከራ የለ፣ ኮርኒስ የለ። ቁራጩ ዋናው ካገኘው ተመልካች በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ሰው ጋ ደረሰ።

መጀመሪያ የመጡት አጽናኞቹ ናቸው። "ነፍስ ይማር።" "አይዞሽ እህቴ።" አንዲት ሴት ባለፈው ዓመት ወንድሟን እንዳጣች፣ ቀን እየገፋ ሲሄድ ትንሽ እንደሚቀል በረጅሙ ጽፋለች። ተዋናይዋ ያንን ስታነብ ስልኩን ደፋችው፤ ለቀኑም አላነሳችውም። እነዚህን ሰዎች "ተሸወዱ" ብሎ መሳቅ ነውር ነው። የምታለቅስ ሰው አዩ፣ አዘኑ። ምንም የሚያሳፍር ነገር አላደረጉም።

ቀጥለው የተቆጡት መጡ። እነሱ ኮሜዲ መሆኑን አውቀዋል። "በሐዘን ይቀለዳል?" "ሰው የሞተበት ላይ መሳቅ ምን የሚሉት ክፋት ነው?" ለእነሱ መልስ አለን። ያዘነች ልጅ ላይ አልቀለድንም። የቀለድነው በእሷና በሐዘኗ መካከል በገባው ካሜራ ላይ ነው። ልዩነቱ ቀጭን ነው፣ አውቃለሁ፤ ሙሉውን ያየ ሰው ግን ይለየዋል። ደግሞም ከቁጣቸው ጀርባ ያለው ነገር መልካም ነው፤ ሐዘንን የሚነካ ሰው እንዳይኖር መጠበቅ ነው የፈለጉት። ከብዙዎቹ ጋር ተነጋግረን ተግባብተናል።

ሦስተኛዎቹ የሳቁት ናቸው። ሙሉውን ያዩት፣ የሳቁት፣ ያጨበጨቡልን።

"ሴቶች ሲባሉ እንዲሁ ናቸው።" "የዘንድሮ ልጆች!" "እገሊትን ቁጭ!" ከዚህ በኋላ የሆነውን ለመጻፍ እጄ ከብዶኛል። አንዲት የማናውቃት ልጅ እናቷን ባጣች ሰሞን እያለቀሰች የተቀረጸችውን ቪዲዮ ከወራት በፊት ለቅቃ ነበር። ፈልገው አገኟት። የእኛን ሥራ ከሥሩ ለጠፉባት። "ብርሃኑ ጥሩ ነው?" "ስንተኛ ሙከራሽ ነው?" "መስኮቱ ጋ ጠጋ በይ!" እያሉ በእኛው ቃል፣ እኔ በጻፍኩት ቃል፣ ወገሯት። ልጅቷ ቪዲዮውን አጠፋችው።

በግል መልእክት ይቅርታ ጻፍንላት። እስካሁን አልመለሰችም። የመመለስ ግዴታም የለባትም።

እንግዲህ "ለምን ተመልካች በተሳሳተ መንገድ ይረዳል?" ሲባል ሁሌ የሚወራው ስለ መጀመሪያዎቹ ሁለት ዓይነቶች ነው፤ ቀልዱን እውነት ስለመሰለው ሰውና ቀልዱ ስላስከፋው ሰው። ስለ ሦስተኛው የሚያወራ የለም፤ ምክንያቱም እሱ ስቋል፣ የሳቀ ሰው ደግሞ የገባው ይመስላል። እኔ ዛሬ መከራከር የምፈልገው ይህንን ነው። ከሁሉም የከፋው አለመረዳት እየሳቁ አለመረዳት ነው።

እርግጥ የመጀመሪያው ዓይነት ስህተትም ቀላል አይደለም፤ ዕድሜውም እንደ ኢንተርኔት ራሱ የቆየ ነው። ያቺን የምትስቅ ፊት ታውቋታላችሁ፤ ሁለት ነጥብ፣ ሰረዝ፣ ቅንፍ። እንዴት እንደመጣች የሚያውቅ ግን ብዙ አይመስለኝም። በ1982 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) አሜሪካ ውስጥ ካርኒጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በኮምፒውተር እየተጻጻፉ ሳለ አንዱ ስለ አሳንሰርና ስለ ሜርኩሪ የፊዚክስ ቀልድ ጻፈ፤ አሳንሰሩ በሜርኩሪ ተበክሏል የሚል። አንዳንዱ የምር የደህንነት ማስጠንቀቂያ መሰለው። ከዚያ በኋላ ነው ስኮት ፋልማን የተባለ የኮምፒውተር ተመራማሪ፣ መስከረም ወር ውስጥ (በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 19 ቀን)፣ ቀልድ ስትጽፉ ይህችን ምልክት አድርጉባት ብሎ ያቀረበው። ዛሬ በየመልእክታችን መጨረሻ የምንደረድራቸው የሳቅ ፊቶች መነሻቸው ያልተረዱት ቀልድ ነው። ይህን ሳስብ ትንሽ ይቀለኛል።

በ2005 ጀስቲን ክሩገርና ኒኮላስ ኤፕሊ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት ጥናትም አለ። ሰዎችን በኢሜይል አሽሙርና የምር ንግግር እንዲልኩ አደረጓቸው። ላኪዎቹ ተቀባዩ 78 በመቶ ያህሉን ይለየዋል ብለው ገመቱ። የተለየው ግን 56 በመቶው ነው፤ ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት ብዙም አይሻልም። በድምፅ ሲሆን ግን ወደ 73 በመቶ ከፍ ብሏል። ላኪው ራሱ ሲጽፍ ድምፁን በጭንቅላቱ ውስጥ ይሰማዋል፤ አንባቢው ጋ የሚደርሰው ግን ፊደሉ ብቻ ነው። ይህ እኔን የመሰለ ጸሐፊን የሚመለከት ነገር ነው። ከተመልካች በፊት የሚሳሳተው፣ "ይሄማ ግልጽ ነው" ብሎ የሚለቀው ሰው ነው።

ለዚህ ነው ቀልድ ያልገባውን ሰው ደደብ ማለት የማልወደው። በ2012 "ዘ ኦኒየን" የተባለው የአሜሪካ የስላቅ ጋዜጣ የሰሜን ኮሪያውን መሪ ኪም ጆንግ ኡንን የዓመቱ ማራኪ ወንድ አድርጎ መረጥኩ ሲል የቻይናው "ፒፕልስ ዴይሊ" ድረ ገጽ እንደ ዜና ተቀብሎ 55 ፎቶ ደርድሮበት አወጣው። እነዚያ ሥራቸው ዜና ማጣራት የሆነ ሰዎች ናቸው። እንዲህ ያለው ስህተት ታዲያ ሁልጊዜ በሳቅ አያልቅም። በ2010 እንግሊዝ ውስጥ አንድ ወጣት በበረዶ ምክንያት የተዘጋ አየር ማረፊያ ካልተከፈተ አፈነዳዋለሁ ብሎ ትዊተር ላይ ቀለደ። ታሰረ፣ ተፈረደበት፣ ሥራውንም አጣ። ይግባኙ ተሰምቶ ፍርዱ የተሻረለት በ2012 ነው። ለአንድ መስመር ቀልድ ሁለት ዓመት ተኩል የፈጀ ሙግት።

አሁን ደግሞ ስለ ቦታው ላንሳ፤ ምክንያቱም በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የሚሠራ ኮሜዲ ከሌላው ኮሜዲ የሚለየው እዚህ ጋ ነው። ቲያትር ቤት የሄደ ሰው ትኬት ቆርጧል፣ ወንበሩን ይዟል፣ መብራት ጠፍቶ መጋረጃ ሲከፈት አይቷል። አንድም ቃል ሳይነገር የሚያየው ነገር ድራማ መሆኑን ያውቃል። ስልክ ላይ መጋረጃ የለም። ከእኛ ሥራ በፊት የነበረው ቪዲዮ የምር የአደጋ ዜና ሊሆን ይችላል፤ ቀጣዩ ማስታወቂያ፤ ቀጥሎ ያለው የጓደኛችሁ ልጅ ልደት። ሁሉም በአንድ ስፋት፣ በአንድ አውራ ጣት ያልፋሉ። የእኛ ተዋናይ ደግሞ እንደ ማንኛውም ሰው ካሜራውን ፊት ለፊት እያየች፣ በመኝታ ክፍል ብርሃን፣ ስልኩን በእጇ ይዛ ነው የምትናገረው፤ ምክንያቱም የምንቀልደው በዚያው አቀራረብ ላይ ነው። አስመስሎ መሥራት ሥራችን ሆኖ ሳለ "እንዴት የምር መሰላችሁ?" ብሎ መቆጣት አይቻልም።

አልጎሪዝሙም፣ ማለትም ለማን ምን እንደሚታይ የሚመርጠው የመድረኩ ፕሮግራም፣ አያግዘንም። እሱ የሚያየው ስንት ሰው እንደቆመ፣ ስንት ሰው ኮሜንት እንደጻፈ ነው። የተቆጣም ጻፈ፣ ያዘነም ጻፈ፣ የሳቀም ጻፈ፤ ለእሱ ሁሉም አንድ ነው። የገባው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ምንም አይጽፍም። አይቶ፣ ትንሽ ዝም ብሎ፣ ያልፋል። ስለዚህ ባልገባቸው ሰዎች የተጥለቀለቀው ቁራጭ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሙሉው ሥራ ከሥር ይቀራል።

"ታዲያ 'ይህ ኮሜዲ ነው' ብላችሁ ለምን አትጽፉበትም?" ያላችሁን ብዙ ናችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ትልልቆቹ ኩባንያዎችም ሞክረውታል። ፌስቡክ በ2014 በአንዳንድ የስላቅ ጽሑፎች ርዕስ ፊት ስላቅ መሆናቸውን የሚገልጽ ቃል ማስገባት ሞክሮ ነበር። በ2021 ደግሞ የስላቅ ገጾችን በምልክት መለየት ሞከረ። ኤክስ (የቀድሞው ትዊተር) በጥር 2025 (በፈረንጆቹ) ሰውን አስመስለው ለሚቀልዱ አካውንቶች ምልክት አወጣ። እኔ ምልክትን አልቃወምም። የምታለቅስ ሴት አይታ ስለ ወንድሟ የጻፈችውን ያቺን እህት ከሐዘን የሚያድናት ከሆነ፣ ይጻፍ።

ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ምልክት የሚቀመጠው ገጹ ላይ ነው፤ ቁራጭና ስክሪንሾት ደግሞ ገጹን ጥለው ነው የሚሄዱት። የእኛ ገጽ ላይ "ኮሜዲ" የሚል ቃል በትልቁ ተጽፏል። ቆራጩ ይዞት አልሄደም። ሁለተኛ፣ ቀልድ አስቀድሞ ራሱን ከገለጸ የሚሞት ነገር አለው። በ2016 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ፓርማ የምትባል ከተማ ውስጥ አንድ ሰው የፖሊስ ጣቢያውን የፌስቡክ ገጽ አስመስሎ የፌዝ ገጽ በመክፈቱ ታስሮ ነበር፤ አራት ቀን እስር ቤት አድሯል፤ በኋላ ዳኞች ነጻ ብለውታል። እሱ መልሶ ሲከስ ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ2022 ያው "ዘ ኦኒየን" ሰውየውን ደግፎ ጽሑፍ አስገባ። የሚለው ነገር በአጭሩ፦ አስመስሎ መቀለድ ለአፍታም ቢሆን አንባቢውን ካላታለለው አይሠራም፤ ያ መታለል፣ ከዚያ "ኧረ!" ብሎ መንቃት ነው ቀልዱ። ፍርድ ቤቱ በ2023 ጉዳዩን ሳያይ ቀረ። ክርክሩ ግን ትክክል ይመስለኛል።

እነዚህ ሁሉ ምልክቶች የሚመልሱት ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ "እውነት ነው ወይስ ቀልድ?" የሚለውን። ያቺን ልጅ የወገሯት ሰዎች ቀልድ መሆኑን አሳምረው ያውቁ ነበር። እነሱ የሳቱት ሌላውን ጥያቄ ነው። "በማን ላይ?" የሚለውን። ለዚያ የሚለጠፍ ምልክት የለም።

ይህም ቢሆን አዲስ አይደለም። በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ "ኦል ኢን ዘ ፋሚሊ" የሚባል የቴሌቪዥን ኮሜዲ ነበር። ዋናው ገጸ ባሕሪ አርቺ ባንከር ዘረኛና ግትር አባወራ ነው፤ ድራማው የተሠራው በእሱ አስተሳሰብ ላይ ለመሳቅ ነው። ኒል ቪድማርና ሚልተን ሮኪች በ1974 ያሳተሙት ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ። ጭፍን ጥላቻ ያለባቸው ተመልካቾች አርቺን ወደዱት፤ ልክ ነው አሉ፤ ቀልዱ የተሠራው በሚከራከሩት ሰዎች ላይ መሰላቸው። በ2009 ደግሞ ሄዘር ላማርና ሁለት ባልደረቦቿ "ዘ ኮልበርት ሪፖርት" የተባለውን ፕሮግራም ይዘው 332 ሰዎች ላይ ጥናት ሠሩ። ስቲቨን ኮልበርት እዚያ ላይ የወግ አጥባቂ ጋዜጠኛ ገጸ ባሕሪ ይዞ ነበር የሚቀልደው። አስቂኝ ነው በማለት ወግ አጥባቂዎቹና ሊበራሎቹ አልተለያዩም። ወግ አጥባቂዎቹ ግን፣ እየቀለደ ቢመስልም የሚናገረው የልቡን ነው ወደሚል ያዘነብሉ ነበር። አንድ ቀልድ፣ አንድ ሳቅ፣ ሁለት የተለያየ ኮሜዲ።

ስለዚህ ሳቅ ምስክር አይሆንም። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ በአንድ ቦታ ላይ ሊስቅ ይችላል፤ አንዱ "እኔም እንዲህ አደርጋለሁ" ብሎ፣ ሌላው "እነሱ እንዲህ ናቸው" ብሎ።

ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ የሚሠራ ኮሜዲ ደግሞ ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ለምን መሰላችሁ? ስለ ፖለቲከኛ ስንቀልድ አብዛኛው ተመልካች ፖለቲከኛ አይደለም። ስለ ሐኪም ስንቀልድ አብዛኛው ተመልካች ሐኪም አይደለም። ስለ ስልክ ስንቀልድ ግን ተመልካቹ ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ያንን ስልክ በእጁ ይዞ ነው የሚያየን። ከቀልዱ ውጭ የሚቆምበት ቦታ የለውም። ያ ደግሞ አይመችም፤ ስለዚህ በፍጥነት ሌላ ሰው ፈልጎ እዚያ ያቆመዋል። ወጣቶችን። ሴቶችን። ታዋቂ ሰዎችን። ጎረቤቱን።

አንድ ኮሜንት አለ፣ ከሁሉ በላይ የሚጻፍልን፦ "አስተማሪ ነው።" በቅንነት እንደምትጽፉት አውቃለሁ፤ ለዓመታትም ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ግን ሳነበው "ማንን?" እላለሁ። "አስተማሪ ነው" ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ከሥሩ የአንድ ሰው ስም ይጠቅሳል። እህቱን ታግ ያደርጋል፣ የቀድሞ ጓደኛውን ታግ ያደርጋል። ተማሪው ሁልጊዜ ሌላ ነው። "እኔ ራሴን አየሁበት" የሚል ኮሜንት ከመቶ አንዱ አይሞላም፤ እሱን ሳገኝ ለጓደኞቼ አነብላቸዋለሁ።

እኛም የምንጠየቅበት አለ። ገጸ ባሕሪዋን ሴት ያደረግናት ጓደኛችን ጎበዝ ተዋናይ ስለሆነች ብቻ ነው፤ ሌላ ምክንያት አልነበረንም። ግን ሰዎች ቀድሞውኑ የሚንቁትን ወገን ይዞ መቀለድ እንዴት እንደሚሠራ ማሰብ ነበረብኝ። ያንኑ ጽሑፍ ወንድ ቢተውነው ኖሮ "ወንዶች ሲባሉ እንዲሁ ናቸው" የሚል የሚመጣ አይመስለኝም፤ "ይሄ ሰውዬ" ነበር የሚሉት። ወንዱ አንድ ሰው ይሆናል፣ ሴቷ ማስረጃ ትሆናለች። ይህን ከተማርኩ በኋላ ሴት ገጸ ባሕሪ አልጽፍም ማለቴ አይደለም፤ ያ ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው። ነገር ግን ከእሷ ጎን ያው ነገር የሚያደርግ ሌላ ሰው ይኖራል። አባቷ ይሆናል፣ አለቃዋ ይሆናል። አንድን ሰው ብቻዋን ካሜራ ፊት አናቆማትም።

ካቢ ላሜን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በ2020 ጣሊያን ውስጥ ከፋብሪካ ሥራው ሲሰናበት ቲክቶክ ላይ መልቀቅ ጀመረ፤ በ2022 በቲክቶክ ከሁሉም የበለጠ ተከታይ ያለው ሰው ሆነ። የሚቀልደው በዚያው በማኅበራዊ ሚዲያ ነገር ላይ ነው፤ ቀላሉን ነገር አወሳስበው "ዘዴ" ብለው በሚለቁ ቪዲዮዎች ላይ። አንድ ቃል ሳይናገር። እሱን በተሳሳተ መንገድ የሚረዳው ሰው ጥቂት ነው፤ ሚስጥሩ ቀላል ይመስለኛል። የሚቀልድበትን ቪዲዮ መጀመሪያ ያሳያችኋል፣ ከዚያ እሱ ቀላሉን መንገድ ይሠራና እጆቹን ይዘረጋል። በማን ላይ እንደሆነ አይጠፋችሁም፤ ዓይናችሁ ፊት ነው።

የእኛን ግን እንዲያ ማድረግ አይቻልም። ከጎኑ የምናስቀምጠው ዋና ቪዲዮ የለንም። ዋናው ቪዲዮ ያለው እያንዳንዳችን ስልክ ውስጥ፣ ካጠፋናቸው መካከል ነው። አምስት ጊዜ የተነሳነው "ድንገተኛ" ፎቶ። ማንም ላይክ ስላላደረገው ከሰዓት በኋላ ያነሳነው ፖስት። የታመመ ሰው ጠይቀን ስንወጣ፣ ገና ደረጃው ላይ ሳለን የጻፍነው "ማረኝ ጌታዬ" የሚል ካፕሽን። እኔም አለብኝ፤ ያንን ሥራ የጻፍኩት ከሌላ ሰው አይቼ አይደለም።

አሁን የምጠይቃችሁ ነገር አለ፤ ከባድ አይደለም። ቪዲዮ የምትቆርጡ ወንድሞችና እህቶች፣ ቁረጡ፣ አልከለክላችሁም። ግን የገጹን ስም ተዉበት፤ ደግሞ የምትቆርጡት ቦታ ላይ ቀልዱ ራሱ ይኑርበት። ልቅሶውን ብቻ ወስዶ ኮርኒሱን መተው ሰሙን ይዞ ወርቁን መጣል ነው። መድረኩን የያዛችሁ ኩባንያዎች፣ አንድ ቪዲዮ ከሌላ ቪዲዮ የተቆረጠ መሆኑን የመለየት ችሎታ አላችሁ፤ ሙዚቃ ያለፈቃድ ሲለጠፍ በደቂቃ ታገኙታላችሁ። ያንኑ ችሎታ ተጠቅማችሁ ከቁራጩ ሥር ወደ ሙሉው የሚወስድ መንገድ አስቀምጡ። ከማንኛውም ምልክት ያ ይሻለኛል።

የምታዩት ሰዎች ደግሞ፣ ስቃችሁ ስትጨርሱና ጣታችሁ የሆነ ሰው ስም ሊጽፍ ሲል፣ እዚያች ጋ ትንሽ ቆዩ። ስሙ የማን እንደሆነ እዩት። ለምን እሱ ወይም እሷ እንደመጣችባችሁ ጠይቁ። የራሳችሁን ስም ጻፉ አላልኩም። ሳትጽፉ ብታልፉትም ይበቃኛል።

የመጨረሻው ለጥቂቶቻችሁ ነው፤ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ያቺ ልጅ የእናቷን ቪዲዮ አጥፍታዋለች። የተቀሩት ፖስቶቿ ሥር የጻፋችሁት ግን አሁንም አለ፤ ምረቃዋ ላይ፣ የልደቷ ፎቶ ላይ፣ ከእናቷ ጋር የተነሳችው አሮጌ ፎቶ ላይ። ይህን የምታነቡ ሌሎቻችሁ እባካችሁ እሷን ለመፈለግ አትሂዱ። የጻፋችሁባት ሰዎች ግን ተመለሱና አንሱላት። ኮሜንት ማጥፋት ሁለት ጣት መንካት ነው። ይህን ደብዳቤ ከመጀመሬ በፊት ዛሬ ጠዋት ቆጥሬያቸው ነበር። 61 ናቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
የኮሜዲው ጸሐፊ